ያለ ሰይፍ የሚገባበት ጨለማ

በ1972 ዓ.ም. (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት፣ የፀሐይ ብርሃን ገብቶበት በማያውቅ የዋሻ ሆድ ውስጥ፣ ፓትሪሺያ ክራውዘር የተባለች ሰውነቷ ቀጠን ያለ ሴት፣ ሞላ ያለ ሰው በማያልፍበት ጠባብ ስንጥቅ በደረቷ እየተሳበች አለፈች። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር እርሷ የነበረችበት ጓድ ያንኑ አቅጣጫ ተከትሎ ከምድር በታች ብዙ ሰዓት ከተጓዘ በኋላ፣ ፍሊንት ሪጅ የተባለው ዋሻና ማሞዝ ኬቭ የተባለው ታላቅ ዋሻ በውስጥ የተያያዙ መሆናቸውን በእግሩ ረግጦ አረጋገጠ። እነዚህ ሰዎች ወደዚያ ጨለማ ሲገቡ ጦርም ጋሻም አልያዙም፤ የያዙት መብራት፣ ገመድ፣ መለኪያና ትዕግሥት ብቻ ነበር።

የፓትሪሺያ ባል ዊል ክራውዘርም ዋሻ መርማሪ ነበረ። ይህ ሰው ቀን ቀን በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኬምብሪጅ ከተማ፣ ኋላ ኢንተርኔትን የወለደውን የኮምፒዩተሮች መረብ ከሚያበጁት ሰዎች እንደ አንዱ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ በዕረፍቱ ጊዜ ግን ከሚስቱ ጋር በዋሻ ውስጥ እየዳኸ፣ የተለካውን ርቀትና አቅጣጫ ወደ ኮምፒዩተር እያስገባ የዋሻውን ካርታ ያወጣ ነበር። ትዳራቸው ከፈረሰ በኋላ፣ ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ያለው ፍቅር በርቀት ምክንያት እንዳይቀዘቅዝ የሠጋው ይህ አባት፣ ያንን የሚያውቀውን ዋሻ በቃላት አድርጎ መልሶ ሠራውና፣ ልጆቹ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ እንዲጫወቱበት «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» የተባለውን ፕሮግራም በ1976 ገደማ ጻፈ። በጨዋታው ሥዕልም ድምፅም አልነበረም። ኮምፒዩተሩ «በዚህ ስፍራ ቆመሃል» ብሎ በጽሑፍ ይነግራል፤ ተጫዋቹም በአንድ ወይም በሁለት ቃል ወደ ምዕራብ መሄዱን፣ መብራት ማንሣቱን፣ ወይም በር መክፈቱን ያዝዛል። በሚከተለው ዓመት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶን ዉድስ ይህን ሥራ አግኝቶ፣ የደራሲውን ፈቃድ ጠይቆ አሰፋው፤ ባትሪው የሚያልቅ መብራት ሰጠው፣ ምሥጢሩንም አበዛው። እውነቱን ለመናገር ሰይፍ ፈጽሞ አልቀረም ነበር፤ በዋሻው ውስጥ ድንክዬዎች እየወጡ ስለት ይወረውሩ ነበርና። ነገር ግን ተጫዋቹን እንቅልፍ የነሣው የድንክዬዎቹ ስለት ሳይሆን «ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ምን ይኖር ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

ይህን ታሪክ ከዚህ አባት መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ውጊያ የሌለባቸው፣ በአስፈሪ ጸጥታ የተሸፈኑ የምሥጢር ፍለጋ ጨዋታዎች ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ብዙ መልክ ቢለዋውጡም፣ ሥር መሠረታቸው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ናፍቆት ነው። በእጁ መሣሪያ የያዘ ሰው በጨለማ ውስጥ የሚፈልገው ጠላቱን ነው፤ መሣሪያውን ያስቀመጠ ሰው ግን በዚያው ጨለማ የጠፋበትን ሰው መፈለግ ይጀምራል። ይህ የትረካዬ ክር ነው።

ከዉድስ ሥራ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ፣ በካሊፎርኒያ የምትኖር ሮበርታ ዊሊያምስ የተባለች ወጣት እናት፣ ባሏ ኬን ወደ ቤት ባመጣው መሣሪያ አማካይነት ያንን የዋሻ ጨዋታ ተጫወተች፤ በጨረሰችውም ጊዜ ሌላ የሚመስለው ባለማግኘቷ፣ የራሷን ለመሥራት ቆረጠች። በ1980 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር የወጣው «ሚስተሪ ሀውስ» የእርሷ ድርሰት ነው። በአንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ አንድ በአንድ እየሞቱ ሲገኙ፣ ተጫዋቹ ገዳዩን ይፈልጋል፤ ሐሳቡን ያገኘችው ከአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ልብ ወለድ ነበር። ሰባ ያህል ሥዕሎችን በቀጭን ነጭ መስመር ሥላ አስገባችበት፤ ሥዕሎቹ ሕፃን በጠመኔ የሣላቸው ቢመስሉም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በቃል ብቻ ይነገር የነበረው የፍለጋ ጨዋታ በዓይን የሚታይ ቤት አገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ዘር ውስጥ ቤት እንደ ዋሻው ሁሉ ታላቅ ስፍራ ያዘ፤ በአገራችንም «ባዶ ቤት ጆሮ አለው» የሚያሰኝ ነገር በእያንዳንዳችን ልጅነት ውስጥ ስላለ፣ የዚህን ምክንያት ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም።

ከዚያ በኋላ የዘመኑ መባቻ 1993 ሆነ። በዋሺንግተን ግዛት በስፖኬን አካባቢ የሚኖሩት ወንድማማቾች ራንድና ሮቢን ሚለር፣ የሰባኪ ልጆች ሲሆኑ፣ አስቀድመው ለሕፃናት የሚሆኑ ጸጥ ያሉ ጨዋታዎችን ይሠሩ ነበር። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ወር «ሚስት» የተባለውን ጨዋታ ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር በሲዲ-ሮም አወጡ፤ ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ ከትዳር አጋር መጠሪያ ጋር ቢገጥምም፣ የተወሰደው ዡል ቬርን ስለ ምሥጢራዊት ደሴት ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው። ተጫዋቹ ሰው በሌለባት ደሴት ላይ ብቻውን ይቆማል፤ የሚሮጥ ጠላት የለም፣ የሚቈጠር ሰዓት የለም፣ ማንም አይገድለውም። የሚሰማው ውኃ ሲመታ፣ ነፋስ ሲያልፍ፣ ከሩቅም የብረት ማርሽ ሲንቀጠቀጥ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ወንድም ታስሮ ወንድሙን እየከሰሰ «የጎደለውን ገጽ አምጣልኝ» ብሎ ይለምናል። አባታቸው የት እንደ ደረሰ፣ ከሁለቱም ማን እንደሚዋሽ ማወቅ የተጫዋቹ ፈንታ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ስለዚህ ሥራ ብናገር ስለ ሠሪዎቹ ጥንቃቄ ብዙ ታስረዳለች። የእሳት ድምፅ ሲያስፈልጋቸው እውነተኛ እሳት ቢቀዱ እሳት አልመስል አላቸው፤ ስለዚህ የድምፅ ሠራተኛቸው መኪናውን በደጁ ጠጠር ላይ ቀስ አድርጎ እየነዳ ቀዳው፤ ያም ጠጠር በጨዋታው ውስጥ እሳት ሆኖ ነደደ። የትልቁን ሰዓት ማማ ድምፅ ደግሞ ከብሎን መፍቻ አወጡትና አወፈሩት። በዚህ ዓይነት የተሠራ ዝምታ ተጫዋቹን በእውነተኛ ስፍራ የቆመ ያህል ያሳምነው ነበርና፣ ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ እስከ 2002 ድረስም በግል ኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሽያጭ አንደኛ ሆኖ ቆየ። እኛ በልጅነታችን «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» እንባል ነበር፤ የተሸነፈው አገር ይሰጣል፣ ያሸነፈው አገር ይወርሳል። የሚለር ወንድማማቾች ጨዋታ ይህን ሥርዓት በማያውቁት አገር ሆነው የፈጸሙት ይመስላል፤ እንቆቅልሹን የፈታ ሰው በመጽሐፍ ገጽ ላይ እጁን ሲያሳርፍ እውነትም አዲስ አገር ይከፈትለታልና።

ነገር ግን በዚያው በ1993፣ በዲሴምበር ወር፣ በቴክሳስ የሚገኘው አይዲ ሶፍትዌር የተባለው ድርጅት «ዱም»ን አወጣ፤ በዚህኛው ጨዋታ ከስክሪኑ ግርጌ ሁልጊዜ የሚታየው የተጫዋቹ መሣሪያ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መንገድ ተከፈተ፤ አንደኛው በጨለማው ውስጥ ለመተኮስ፣ ሁለተኛው በጨለማው ውስጥ ለማስተዋል። በ1997 የሚለር ወንድማማቾች ሥራ ተከታይ የሆነው «ሪቨን» በውበቱ ቀዳሚውን ቢበልጥም፣ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ገበያው ወደ ተኳሾቹ አዘነበለ፤ ጸጥተኛው መንገድ ሣር በቀለበት።

ሣሩን እንደገና የረገጠው ሰው የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዳን ፒንችቤክ፣ ከተኩስ ጨዋታ ላይ ተኩሱን ቢያነሡት የሚቀረው ምንድር ነው የሚል የምርምር ጥያቄ አንሥቶ፣ በ2008 «ዲር ኤስተር»ን ሠራ። የተጠቀመበት ሞተር (ጨዋታን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ማለት ነው) «ሃፍ-ላይፍ 2» የተባለው የተኩስ ጨዋታ የተሠራበት ነው፤ የዚያም ሞተር የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ቢቈጠር የ«ዱም» ሠሪዎች ካበጁት «ኩዌክ» ከተባለው ይወርዳል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረው በዚህ ትንሽ ጥበብ ውስጥ በመጠኑ ተፈጸመ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ለመግደል የተሠራው መሣሪያ ኀዘንን ለመተረክ ዋለና። ተጫዋቹ በስኮትላንድ ምዕራብ፣ በሄብሪዲስ በምትገኝ ነፋሻ ደሴት ላይ ብቻውን ይራመዳል፤ ከሩቅ በኮረብታው ራስ ላይ የሬዲዮ ማማ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንድ ድምፅ በመኪና አደጋ ለሞተች ኤስተር ለተባለች ሴት የተጻፉ ደብዳቤዎችን እያቆራረጠ ያነብባል። ሥዓሊው ሮበርት ብሪስኮ ደሴቲቱን እንደገና አስውቦ፣ ጄሲካ ከሪም ዜማዋን አሻሽላ በ2012 ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ፣ ያልተደሰቱት ሰዎች «መራመድ ብቻ ነው» በማለት ለዚህ ዘር የማሾፊያ ስም አወጡለት። ስሙ ግን እንደ ብዙ የስድብ ስሞች ሁሉ፣ ባለቤቶቹ ያለ ኀፍረት ስለ ተቀበሉት የክብር መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በመካከሉ በ2010 ከስዊድን አገር፣ ፍሪክሽናል ጌምስ ከተባለው ቡድን «አምኔዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሰንት» ወጥቶ ነበር። በዚህ ጨዋታ መሣሪያ ፈጽሞ የለም፤ ነገር ግን የሚያሳድድ ፍጡር አለ፤ ተጫዋቹ መሸሽና መደበቅ ብቻ ይፈቀድለታል፤ በጨለማ ብዙ ከቆየ አእምሮው ይናወጣል፣ መብራት ካበዛም ዘይቱ ያልቅበታል። ልቡ ደንዳና ለሆነ ሰው ታላቅ ሥራ ነው፤ ጸጥታንና ማስተዋልን ብቻ ለሚሻ ሰው ግን አስቀድሜ አልመክረውም።

ለእንዲህ ያለው ሰው አስቀድሜ የማቀርብለት በ2013 የወጣውን «ጎን ሆም»ን ነው። የሠሩት በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው እየኖሩ የሚሠሩ ጥቂት ጓደኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ሦስቱ አስቀድመው «ባዮሾክ 2» ለተባለው የተኩስ ጨዋታ ተቀጥያ የሆነውን «ሚነርቫስ ደን»ን አብረው ሠርተው ነበር፤ እንግዲህ እነርሱም መሣሪያቸውን አስቀምጠው የመጡ ናቸው። ታሪኩ በጁን 7 ቀን 1995 ሌሊት፣ ነጎድጓድ በሚያጓራበት ሰዓት ይጀምራል። ኬቲ የተባለች ወጣት ከአውሮፓ የአንድ ዓመት ጉዞዋ ተመልሳ፣ በሌለችበት ጊዜ ቤተሰቦቿ ወደ ገቡበት ትልቅ ቤት ትደርሳለች፤ በሩ ላይ ታናሽ እኅቷ ሳም «አትፈልጊኝ» የሚል መልእክት ያለው ወረቀት ለጥፋለች፤ በውስጥ ማንም የለም። መብራቱ ይርገበገባል፣ ወለሉ ይንቋቋል፣ የስልኩ መልእክት መቀበያ የሚያለቅስ ድምፅ ያሰማል።

አንዱን ክፍል ቀርበን እንመልከት። ተጫዋቹ ፎቅ ላይ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ከፍቶ ሲገባ፣ ገንዳው በቀይ ነገር ተረጭቶ ያያል፤ ልቡ ትመታለች፤ እስከዚያ ያነበባቸው የተቈራረጡ ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ክፉ ግምት ይጎትቱታል። ጠጋ ብሎ አጠገቡ የወደቀውን ጠርሙስ ቢያነሣ ግን የፀጉር ቀለም ነው፤ እኅትየው ከጓደኛዋ ጋር ሆና ፀጉር ያቀለመችበት ነው። በዚያች ቅጽበት ፍርሃቱ ተገልብጦ ርኅራኄ ይሆናል። ደም ነው ብለን የሠጋንለት ነገር የአንዲት ልጅ የደስታ ቀን ምልክት ሆኖ ሲገኝ፣ ያንን ልጅ ሳናያት እንወዳታለን፤ ቀሪውንም ቤት የምንመረምረው በደኅና መኖሯን ለማወቅ እየቸኰልን ነው። በሩቅ አገር የኖረ ወገናችን ሁሉ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ የማያውቃቸውን ዕቃዎች በዓይኑ እየዳሰሰ «በሌለሁበት ምን ሆነ?» ያለበትን ሰዓት እዚህ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሰፋ። በ2014 ዘ አስትሮኖትስ የተባለው የፖላንድ ቡድን «ዘ ቫኒሺንግ ኦቭ ኢታን ካርተር»ን አወጣ፤ መርማሪው ፖል ፕሮስፔሮ የጠፋ ልጅ ደብዳቤ ጽፎለት ወደ ተተወች መንደር ይሄዳል። ሠሪዎቹ የአገራቸውን ተራሮች፣ ድንጋዮች፣ ግንዶችና አሮጌ ሕንጻዎች ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ እያነሡ ወደ ጨዋታው ስላስገቡ፣ በግንቡ ላይ ያለው ሽበት እንኳ እውነተኛ ነው፤ ስፍራው እንዲህ ውብ ሆኖ ሳለ ሰው አለመኖሩ የበለጠ ያስፈራል። በ2016 «ፋየርዎች» መጣ፤ በ1989 በዋዮሚንግ ግዛት ጫካ የሰደድ እሳት ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ሄንሪ የተባለ ሰው፣ ሚስቱ ያለ ዕድሜዋ በመርሳት በሽታ ተይዛበት፣ ከኀዘኑ ሸሽቶ በማማ ላይ ይኖራል፤ ደሊላ ከተባለች አለቃው ጋር በሬዲዮ ብቻ ይነጋገራል፤ ኋላም ንግግራቸውን አንድ ሦስተኛ ሰው ሲያዳምጥ እንደ ነበረ ይደርስበታል። በጫካው ውስጥ አውሬ የለም፤ የሚያስፈራው ብቸኝነት ነው።

በ2017 በኢያን ዳላስ መሪነት የተሠራው «ዋት ሪሜይንስ ኦቭ ኢዲት ፊንች» ወጣ፤ በሚከተለው ዓመትም የብሪታንያው ሽልማት ሰጪ ድርጅት ባፍታ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ብሎ ሸለመው። የፊንች ቤተሰብ አባሎች በየዘመኑ በሞቱ ቍጥር ክፍላቸው እንደ ነበረ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ኢዲት በየሽንቍሩ እያጮለቀች፣ በስውር መተላለፊያ እየገባች የእያንዳንዱን ታሪክ ትሰማለች። ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የወንድሟ የሉዊስ ክፍል ከልቤ አይጠፋም። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ዓሣውን እያነሣ ራሱን ያስቈርጣል፤ በሌላ እጁ በሉዊስ ምናብ ውስጥ የተወለደውን ትንሽ ሰው ይመራል። ምናቡ እየሰፋ ከተማ፣ ቀጥሎም መንግሥት ይሆናል፤ ስክሪኑን እየሸፈነ ፋብሪካውን ይጋርደዋል፤ አንደኛው እጅ ግን ዓሣ ማቅረቡን አያቋርጥም። የሰው አእምሮ ከሥጋው ተለይቶ ወደ ሌላ ዓለም እንዴት እንደሚሰደድ፣ ተጫዋቹ በሁለት እጆቹ ይማራል፤ ይህን ያህል በመጽሐፍ ለማስረዳት ብዙ ምዕራፍ ባስፈለገ ነበር።

በ2018 ሉካስ ፖፕ ከአራት ዓመት በላይ የደከመበትን «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን»ን አወጣ። ስፍራው በ1807 በእንግሊዝ የፋልመዝ ወደብ ነው፤ ከዓመታት በፊት የጠፋች መርከብ ሕያው ሰው ሳይኖርባት ተመልሳ ትታያለች፤ ተጫዋቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርማሪ ሆኖ ይወጣባታል። አንዲት የኪስ ሰዓት ተሰጥታዋለች፤ በዐፅም አጠገብ ሲከፍታት ያ ሰው የሞተበትን ቅጽበት ታሳየዋለች፤ ማዕበሉ በአየር እንደ ቆመ፣ ጭሱ እንደ ረጋ፣ አፎች እንደ ተከፈቱ፣ ሁሉም በጥቍርና በነጭ ብቻ የተሣለ ነው። ሥራው የ60ዎቹን ሰዎች ስምና ፍጻሜ በመዝገቡ ላይ መሙላት ነው፤ በአነጋገሩ ቃና፣ በልብሱ፣ በሚተኛበት አልጋ ቍጥር እያመዛዘኑ ማን ማን እንደ ሆነ መለየት ነው። ግድያና ሰቈቃ የሞላበት ታሪክ ቢሆንም ተጫዋቹ በማንም ላይ እጁን አያነሣም፤ የሚያደርገው የሞተውን በስሙ መጥራት ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ ሟቹ በክርስትና ስሙ ሲጠራ የሰማ ሰው፣ ስምን ለባለቤቱ መመለስ ምን ያህል ታላቅ ምግባር እንደ ሆነ ያውቃልና፣ የዚህን ጨዋታ ክብደት ከሌላው ሰው ይልቅ ይረዳዋል።

በ2019 «አውተር ዋይልድስ» ፍለጋውን ከቤትና ከመርከብ አውጥቶ ወደ ሰማያት አወጣው። ፀሐይ በየ22 ደቂቃው ትፈነዳለች፤ ተጫዋቹም ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ይዞት የሚመለሰው ሀብት የለም፣ ያወቀውን ብቻ ነው። በአንዲት ጉም በለበሰች ስፍራ ዕውር የሆኑ ግን ድምፅ የሚሰሙ ግዙፍ ዓሦች አሉ፤ እነርሱን በመተኮስ ማሸነፍ አይቻልም፤ መፍትሔው የጠፈር መንኰራኵሩን ሞተር አጥፍቶ፣ ትንፋሽን ውጦ፣ በመካከላቸው በአርምሞ መንሳፈፍ ነው። በዱር በበዓት የነበሩ አበው ከአራዊት መካከል በዝምታ አለፉ ሲባል የሰማነውን እዚያ ጉም ውስጥ ሆኜ አስታውሼዋለሁ።

እንግዲህ በዚህ መንገድ መሄድ የሚሻ አንባቢ ከየት ይጀምር? በመጀመሪያ «ጎን ሆም»ን በአንድ ሌሊት፣ መብራት ቀንሶ፣ ማዳመጫ አድርጎ ይጨርሰው፤ ቀጥሎ ወደ «ኢዲት ፊንች» ይግባ፤ መራመድና ማዳመጥ ደስ ካለው «ዲር ኤስተር»ንና «ፋየርዎች»ን ይጨምር፤ ማመዛዘን ከወደደ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወደ «ኦብራ ዲን» ይሳፈር፤ ቸኵሎ ከሌላ ሰው መልስ አይጠይቅ፤ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ መልሱን አስቀድሞ መስማት የሰውን ርስት መቀማት ነውና። ትዕግሥቱ ሲጸናም ወደ «ሚስት» ደሴት ወደ ኋላ ይመለስ።

በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ያገኛል። አባት ልጆቹን፣ ባል ሚስቱን፣ እኅት እኅቷን፣ መርማሪ የጠፋን ሕፃን፣ እንግዳ ሰው የማያውቃቸውን 60 ሙታን ይፈልጋል። ጨለማው የተሠራው ለማስደንገጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ሌሊት በላይ ባልቆየ ነበር፤ ፓትሪሺያ ክራውዘር በደረቷ የተሳበችበት ዋሻ፣ ትዳሯ ከፈረሰ በኋላ ልጆቿ ከአባታቸው ጋር በቃላት ተመልሰው የሚገቡበት ስፍራ የሆነው፣ ወደ ውስጥ የገባው ሰው የሚወድደውን ስለሚፈልግ ነው። ለዚህ ፍለጋ ዛሬም የሚያስፈልገው ያኔ ያስፈለገው ነው፤ አንድ መብራት፣ ባዶ እጅ፣ የማይቸኵል ልብ።